የመልካ ጀብዱው ከርከሮ

በግንቦት ወር ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ በወረርሽኙ ፍርሃት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በተቀመጠችበት ሰሞን፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ ሌላ የሚፈራ ነገር ተገኘ፤ አንድ አውሬ ከአሸዋማው ወንዝ ዳር ካለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እየወጣ የሽንኩርት ማሳ ይገለብጥ ጀመር፤ በመጨረሻም የገበሬውን የዓደንን ሚስት ፋርቱንን ከማሳዋ አግኝቶ ጭኗን በክራንቻው ሰነጠቃት።

ፋርቱን ሆስፒታል ገባች፤ መንደሩም በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ፀጉሩንና ክራንቻውን እየጠራ ከርከሮ ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ የለም፣ እዚህ የነበሩት የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ይበሉት የነበረው ዓይነት አሳማ ነው፣ በሽታውንም ይዞብን የሚዞረው እሱ ነው አለ። በሽታው ከአሳማ ጋር አንዳች ዝምድና አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚሰማ ጆሮ አልተገኘም። ከርከሮ ከሆነ የዱር ነውና ተጠያቂ የለውም፤ አሳማ ከሆነ ግን ባለቤት አለው፤ የባለቤቱም ቤት ይቃጠላል እየተባለ በግልጽ ይወራ ነበር።

በመልካ ጀብዱ አሳማ ያረባች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የሺአረግ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በሥራዋ አፍንጫውን እየያዘ፣ ለጉርብትናዋ ሲል ችሏት ኖሯል። ገዢዎቿ የነበሩት መንገድ ሠሪዎች በሽታውን ሸሽተው ሲሄዱ እንስሳቱን ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሸጠች፤ በጭነቱ መካከል ግን ትልቁ ወንዱ አጥር ጥሶ አመለጠ። ለጎረቤቶቿ «አንድም ሳይቀር ተጭነዋል» አለቻቸው።

አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ የአገር ሽማግሌው ሐጂ ዲሪዬ ወደ ወንዙ ዳር አስጠሯት። ሰው ሁሉ አውሬው ከተደበቀበት ቁጥቋጦ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሚሊሻው ባርኸድ ጠመንጃውን አቀባብሏል፤ ዓደን ዱላውን ይዞ ከሁሉም ፊት ይንቆራጠጣል።

«የሺአረግ ልጄ» አሉ ሐጂ ዲሪዬ፤ «እኛ ወደዚህ ፍጥረት አንጠጋም፤ ክርስቲያኖቹም ይጸየፉታል። ቀርበሽ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ከርከሮ ነው ካልሽ ከርከሮ ነው፤ አሳማ ነው ካልሽም አሳማ ነው። በምን ይለያል?»

አንድ ውሸት ይበቃት ነበር፤ ፍርሃት ግን እውነቱን አስለፈለፋት።

«ከርከሮ ሲሮጥ ጅራቱን ሽቅብ ቀጥ ያደርጋል፤ ፊቱም ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት አለው። የአሳማ ጅራት ጥቅልል ነው፣ ሐጂ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ በገዛ አንገቷ ላይ ገመድ እንዳጠለቀች ገባት።

አውሬው ወጣ። ከስቷል፤ ጀርባው ላይ ሻካራ ፀጉር ቆሟል፤ ክራንቻው አድጓል፤ ጅራቱ በጭቃ ተለጥፎ አይታይም። ማንም ቢያየው ከርከሮ ይለዋል። የሺአረግ ግን በአረማመዱ ለየችው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ አሳማ ያበላውን ሰው ድምፅ አይረሳምና፣ እንዳይሰማት ፈራች።

ባርኸድ ተኮሰ፤ ሳተ። አውሬው ደንብሮ ወደ ዓደን ተወረወረ። ዓደን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ድንጋይ አደናቀፈውና በጀርባው ወደቀ።

ዝም ብትል ትተርፋለች። ከዓደን ሞት በኋላ የአውሬውን ዘር የሚጠይቅ አይኖርም፤ ይገድሉትና ያበቃል። ይህ ሐሳብ በልቧ ሲያልፍ ከአውሬው ይልቅ ራሷን ፈራች።

«ኩር ኩር ኩር!» ብላ ጮኸች፤ «ና የኔ ጌታ! ና ብላ!»

አውሬው ቆመ። ጆሮውን አዞረ፤ ዓደንን ጥሎ እየዘለለ ወደ እሷ መጣ፤ አፍንጫውንም ቀሚሷ ውስጥ ወትፎ ምግብ ይፈልግ ጀመር። ባርኸድ ተጠግቶ ተኮሰና እግሯ ሥር ጣለው።

የሺአረግ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ድንጋይ ጠበቀች።

«እህ፣ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ ዲሪዬ።

ዓደን አቧራውን እያራገፈ ተነሣ።

«ከርከሮ ነው፣ ሐጂ። ሲመጣብኝ ጅራቱን አቁሞ ነበር፤ እኔ በቅርብ አየሁት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጭቃ የለበሰውን ጅራት ተመለከቱ። ማል አላሉትም።

«የተጎዳችው የዓደን ሚስት ናት፤ ያየውም እሱ ነው። እንግዲህ ከርከሮ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መንደሩ አዞሩ። ዓደንም ቀስ ብሎ «እትዬ የሺ፣ ነይ ወደ ቤት፤ አቦ ይበቃል» አላት።

ያ ዘመን ዛሬ በተዘጉ መንገዶቹና በወረርሽኙ ሙታን ይታወሳል። መልካ ጀብዱ ግን ፋርቱንን የወጋውን ከርከሮ ትጨምርበታለች፤ የሚተርኩትም በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ናቸው። የሺአረግ በአጠገባቸው ስታልፍ ወሬውን አያቋርጡም፤ ይልቁንም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉላታል። ታሪክ እንዲህ በብዙ ሰው ቸርነት የሚጻፍበት ጊዜ አለ። እሷም አንዱንም ሳትዘል ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች፤ ከመካከላቸው አንዱ በአንድ ክፉ ቀን ልቡ ቢሻክርባት፣ ከዚህ ወሬ ሌላ ቤቷን የሚያቆምላት ምሰሶ እንደሌለ ታውቃለችና።