ሳይጠይቅ የላከው ሽማግሌ

በከር ጌጃ ሰፈር የገባው በዝናብ ነው። መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ የግል ሥራ በፈቀደ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1982 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ተሸካሚ ትልቅ ካርቶን አዝሎ ወደ ግቢያችን ሲሮጥ አየሁ። ከኋላው አንድ ቀጭን ወጣት ኮቱን አውልቆ ካርቶኑን እየሸፈነ ይከተላል። ሁለቱም ውሃ ሆነዋል። ደረቅ የቀረው ካርቶኑ ብቻ ነበር።

የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የአቶ ሁመድ ልጅ ዘይቱና በረንዳ ላይ ቆማለች።

«ሰውየውን ትተህ ዕቃውን ነው የምትሸፍነው?»

«ኮምፒዩተር ነው!»

«እሱስ ሰው ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ዝናቡን ረሳው። እኔ በመስኮት ሆኜ፣ «ይሄ ልጅ ወይ ይታመማል ወይ ያገባል» አልኩ።

ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለበከር ለሥራው ሰጠሁት። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ፕሮግራም ሲባል የማውቀው የሬዲዮውን ነበር። ይሄኛው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎች ዕቃቸውንና ዋጋውን የሚያሳይ ነው አሉኝ። አሉኝ የምለው ሁለት ስለሆኑ ነው። ዘይቱና የምትሠራበት ቢሮ ኮምፒዩተር ስለነበር ነገሩን ታውቀዋለች፤ ከሥራ መልስ እየመጣች አብራው ትቀመጣለች።

«መጀመሪያ ሱቅ ሄደን እንቀመጥ» ትለዋለች። «እንዴት እንደሚሸጡ እንይ።»

«መሸጥ መሸጥ ነው፤ ምኑ ይታያል? ሠርተን ስናመጣው ይወዱታል።»

ክርናቸው ሲነካካ ሁለቱም ዓይናቸውን ከማሽኑ አይነቅሉም። መብራት ሄዶም የጨለመውን የማሽኑን መስታወት ሲያዩ ደርሼባቸዋለሁ። ምን እንደሚታያቸው አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ደንበኛ የበከር አጎት አብዱልመናን ነበሩ። ማሽኑ ሱቃቸው በተተከለ ዕለት አንድ ሾፌር የፍሬን ሸራ ጠየቀ። በከር በኩራት ቁልፉን ሲጫን የመጨረሻው ዋጋ ቦግ አለ። ሾፌሩም በባንኮኒው ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበው። ከላይ ጀምረው፣ ምለው ተገዝተው፣ ሻይ ጋብዘው ቀስ እያሉ የሚወርዱት አብዱልመናን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ይሄ ዕቃ የማን ወገን ነው? የእኔ ነው የገዢው?»

የጎረቤት ነጋዴዎች ሳቅ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ዘይቱና «ብዬህ ነበር» አላለችውም። ሱቁ እየሄደች ተቀመጠች፣ አየች፣ ተመለሰች። «ዋጋውን እሳቸው ጋ እንተወው። የትኛው ዕቃ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለና ስንት እንደቀረ ብቻ ይንገራቸው» አለች። አብረው እንደገና ሠሩት። አብዱልመናን ወደዱት፤ ጎረቤቶቻቸውም ለእኛም ይሁን አሉ።

በከር ከደስታው ብዛት እሑድ ጠዋት አጎቱንና ሁለት አዛውንቶች ሽማግሌ አድርጎ አቶ ሁመድ ቤት ላከ። አቶ ሁመድ ደስ ብሏቸው የመልስ ቀጠሮ ሰጡ። ዘይቱና ጀሪካኗን ይዛ ከቧንቧ ስትመለስ በራቸው ላይ የተደረደረውን የሽማግሌዎች ጫማ አየች፤ ለምን እንደመጡም ገባት። ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጣ በቀጥታ ወደ በከር ሄደች።

«አጎትህን ጠየቅህ። ሽማግሌዎቹን ለመንህ። አባቴን አስጠየቅህ። እኔስ?»

«ወጉ እንዲያ ስለሆነ... ደግሞ የምታውቂው መስሎኝ...»

«ሠርተህ ስታመጣው እወደዋለሁ፣ አይደል?»

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ማሽኑ ፊት አንዱ ወንበር ባዶውን ቀረ።

«እትዬ ትርፌ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» አለኝ በከር።

«አሁንም እኔን ነው የምትጠይቀው?»

አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹን ሊመልስ ወደ አጎቱ ቢሄድ አብዱልመናን ቱግ አሉ። «ሽማግሌ ልኮ መልስ ሳይሰማ ይቅር የሚል በዘሬ የለም! ያን ማሽንህንም ከሱቄ አንሳ!» እሳቸው ካነሱት ደግሞ ሌሎቹ ነጋዴዎችም እንደሚያነሱት በከር ያውቃል። ቢሆንም ቀጠሮው ሳይደርስ ብቻውን አቶ ሁመድ ዘንድ ሄደ። እኔ ቀሚሴን ላሳጥር እዚያው ነበርኩ። «ውጪ» ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልወጣሁም።

«አባባ ሁመድ፣ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች እንዳልመጡ ይቁጠሩልኝ።»

አቶ ሁመድ የስፌት መኪናውን አቆሙ። «ልጄን አልፈልግም ነው የምትለኝ?»

«እፈልጋታለሁ። እሷ እኔን ትፈልግ እንደሆነ ነው የማላውቀው። ሳልጠይቃት ነው የላክሁት።»

«እኔም አልጠየቅኋት» አሉ አቶ ሁመድ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ «ክር ላምጣ» ብለው ወጡ። ክር ግን መኪናው ላይ ሙሉ ነበር።

ዘይቱና የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ቆመች። በከር ወደ እሷ ዞረ።

«ዘይቱና... ታገቢኛለሽ?»

«እምቢ ብልስ?»

«ሥራው የሁለታችንም ነው፤ እሱ አይነካም።»

«አንተስ?»

«እኔማ እጎዳለሁ።»

መጋረጃውን ለቃ ወደ እሱ ቀረበች።

«በል እንግዲህ» አለች፣ «አጎትህን ለምነህ ሽማግሌ ላክ።»

«እንደገና?»

«አሁን ነው የሚላከው።»

አብዱልመናንን መለመኑ ቀላል አልነበረም፤ እኔም ሄጄ ለምኛለሁ። ኋላ እያጉረመረሙ መጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቁመው የመጡበትን እንደ አዲስ ተናገሩ። አቶ ሁመድ ግን እንደ ወጉ ቀጠሮ አልሰጡም። ወደ ጓዳው ዞረው፣

«ዘይቱና፣ ነይማ» አሉ፣ «መልሱን አንቺው ንገሪያቸው።»