በሳይላስ መኪና ውስጥ የታየው ዓሣ

«የገዛ እጄ ቁርጥ ይጠፋኛል? ዓሣዬ ሳይላስ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዴልፊን ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። «ድምፅህን ቀንስና ያንን ገመድ አቀብለኝ» አለችው።

ሩበን አላቀበላትም። በፍሬዘር ወንዝ ዳር ሳልሞን ዓሣ ለነፋስ የሚያሰጣ ቤተሰብ ሁሉ የራሱ አቆራረጥ አለው። የሩበን ከእናቱ የተማረው ነው፤ ሰያፍ ጭረት፣ ጅራቱ ጋ ሁለት ጣት ያህል ሳይነካ የሚቀር። ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ ያንን ቁርጥ በሳይላስ መኪና መስኮት ሲያየው ደሙ ፈላ። ዴልፊን ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቅዳሜው ከሳይላስ ጋር ወደ ላይኛው መንደር ስትመላለስ ከርማለች። ለምን ስትባል መልሷ «ጉዳይ አለኝ» ብቻ ነው።

«እሱስ ሙሉ ካርድ አለው» አለ ሩበን። «ልጆችሽ ከመዝገብ አይቀሩም።»

ቢላዋው ቆመ።

የሩበን እናት ኤዲት ነጭ በማግባቷ በመንግሥት ሕግ ስሟ ከነባሩ ሕዝብ መዝገብ ተሰርዞ ነበር። ሕጉ ተለውጦ የተሰረዙት ይመለሱ ሲባል እሷ በሕይወት አልነበረችም፤ መወለዷን የሚመሰክረው የቤተ ክርስቲያን መዝገብም ተቃጥሏል። እናም የአያቶቹን ቋንቋ ከማንም አሳምሮ የሚናገረው ሩበን በወረቀት ባዕድ ነው። ዴልፊን ያላት፣ አንድ ወላጇ ብቻ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ግማሽ የመዝገብ ካርድ ነው፤ ካርድ የሌለው ካገባች ልጆቿ በገዛ መንደራቸው ቤት መሥራት አይችሉም። በዚህ የተነሣ ሩበን ሁለት ዓመት ሙሉ «አግቢኝ» ማለት አቅቶት ኖሯል።

«ነገ አብረኸን ትሄዳለህ» አለች ዴልፊን በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ያሻህን ተናገር።»

በማግስቱ ሦስቱም በአንድ ወንበር ተጣበው ሄዱ። ሳይላስ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሩበን የዴልፊንን ጉልበት ያያል። ሳይላስ ስለ ውሻው አንድ ነገር አውርቶ ሲያስቃት፣ ሩበን ነገሩ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባውም።

የደረሱት የሳይላስ አክስት እማማ ሄስተር ቤት ነው። ዓይናቸው የጠፋው እኚህ አሮጊት በዘመናቸው የመንደሩ አዋላጅ ነበሩ። አንድ ጠበቃ ወረቀት ዘርግቶ ይጠብቃል። ኤዲት ስትወለድ አዋላጇ እሳቸው መሆናቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ዴልፊን ሦስቴ ለምናቸው፣ የማላየው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ በምን አውቄ ብለው እንቢ ማለታቸውን ሩበን የሰማው ገና አሁን ነው።

ሳይላስ ዴልፊን ለዚሁ የሰጠችውን ዓሣ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። አሮጊቷ ጭረቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ሳቅ አመለጣቸው።

«ይሄ የኤዲት እናት ቁርጥ ነው። ጅራቱ ጋ ትሰስት ነበር፤ እንስቅባት ነበር። ማን አስተማረህ፣ ልጄ?»

«እናቴ፣ እማማ።»

«ኤዲት ስትወለድ እናቷን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። በሉ እጄን ወረቀቱ ላይ አድርጉልኝ።»

ሩበን ወደ ዴልፊን ጎንበስ አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«መዝገብ ቤቱ ሁለቴ ‹አይሆንም› ሲልህ ዛፍ ቆረጣ ሄደህ መንፈቅ ጠፋህብኝ። ሦስተኛውን አልችለውም።»

ጠበቃው ማኅተሙን እየመታ፣ ሩበንም አሁን ግማሽ ካርድ እንደሚያገኝ፣ ሁለት ግማሽ ካርድ ያላቸው ሲጋቡም ልጃቸው ሙሉ ሆኖ እንደሚመዘገብ አስረዳ። ዴልፊን ቀና አለች። ሩበን ግን ያኔ ያየው ሳይላስ እንዴት እንደሚያያት ነበር፤ በዚያው አስተያየት ሩበንም ሁለት ዓመት ሙሉ አይቷታል። ቅናቱ አልዋሸም ነበር።

«አግቢኝ» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እንዲህ የምትቸኩል ሰው እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለችና እጁን ያዘች።

እማማ ሄስተር ስለ ኤዲት እናት ማውራት ጀመሩ፤ ጠበቃው ሻይ ቀዳ። ሳይላስ የመኪናውን ቁልፍ ከዴልፊን ስኒ አጠገብ አስቀመጠ፤ ኮፍያውን አነሣና በባቡር ሐዲዱ በኩል በእግሩ ቁልቁል ወረደ።