ጥጥ ያለበት ብልቃጥ

ሽማግሌው ካዛሙላ ከማንጎው ሥር፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሳጅን ሉንግዋኒ ግቢው ስትደርስ የልጁ ሚስት ኒየሌቲ ሻንጣዋ ደጅ ተወርውሮባት ታለቅሳለች።

«ገንፎ ውስጥ መርዝ ጨምራ ገደለችው! ዛሬውኑ ትውጣልኝ!» ትጮኻለች የሟቹ ታላቅ እህት ምታቪኒ።

«ቀስ ይበሉ እማማ። መጀመሪያ እኔ ልየው።»

የሟቹ አፍ ወደ ግራ ተጣምሟል። ትውከት የለ፣ አረፋ የለ። ሳጅኗ የእናቷን ልጅ እንኳ የማታምን ሴት ናትና ጎረቤቱን ሪሲማቲን ጠራችው።

«ትናንት የማሩላ ፍሬ ጠላ ያጠጣኸው አንተ ነህ አሉ።»

«ከአንድ ቅል ነው የጠጣነው፤ ይኸው ቆሜያለሁ! ይልቅ ወንዙ ሞልቶ የደም ግፊት ኪኒኑን ከክሊኒክ ማምጣት ካቃተው ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን፣ ራሴን ሲል ነበር።»

«ገንፎውንስ?» ወደ ኒየሌቲ ዞረች።

«ከልጆቼ ጋር ከአንድ ድስት ነው የበላነው።»

«የግፊት ኪኒን አልቆበት ነበራ?»

«እማማ ምታቪኒ ከራሳቸው ያካፍሏቸው ነበር።»

በዚያ መንደር ይህ አያስገርምም፤ ሽማግሌ ሁሉ የግፊት ኪኒን ይበዳደራል። ሳጅኗ ግን የሟቹን ኪስ ፈትሻ ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ሁለት ነጭ፣ ሞላላ ኪኒኖች አወጣች፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላሉ። ሪሲማቲ ከዚያው ክሊኒክ የወሰደውን የግፊት ኪኒን አሳያት። ምስር ታክላለች።

ሬሳው ቤት ከገባ በኋላ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸውና የምታቪኒን ብልቃጥ አስመጣች። ላዩ ላይ «የግፊት» ይላል። ነቀነቀችው፤ ድምፅ የለም። ከፈተችው። ጉድ እኮ ነው፣ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል! ጥጡን ስታወጣው ከሥሩ ከሟቹ ኪስ የወጡት ዓይነት ሞላላ ኪኒኖች አሉ።

«ገንፎው ቢሆን ልጆቹ በታመሙ፣ ጠላው ቢሆን ሪሲማቲ ባልቆመ» አለች። «ራስ ምታቱም የአፉ መጣመምም የግፊት ነው፤ ሐኪምም ያረጋግጠዋል። ኪኒኑ ያልያዘለት የግፊት ስላልነበረ ነው። ደግሞስ የግፊት ኪኒን ቢንኳኳ ማን ያፍራል? ጥጥ የሚጠቀጥቀው ሰው እንዳይሰማው የፈለገ ነው።»

ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለች፤ የሰባ ዓመት አሮጊትን ምስጢር በሰው ፊት ማውጣቱ ግን ጨነቃት። ሻንጣው አሁንም ደጅ ነው።

ምታቪኒ መሬት ላይ ዘጭ አለች። «የኤች አይ ቪ ነው። ስድስት ዓመቴ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ይሉኛል ብዬ ብልቃጡን ቀየርኩት። ወንድሜ ስጪኝ ሲለኝ፣ እምቢ ብል ለምን ይለኛል። አይጎዳውም ብዬ ሰጠሁት።»

«ታዲያ ይቺን ልጅ ለምን ወነጀሏት?»

«እሷ ካልሆነች እኔ ልሆን ነዋ!»

ኒየሌቲ ተነስታ ሻንጣዋን ያዘች። መሄዷ ነው ብለው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን ሻንጣውን ቤት አስገብታ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች፤ ብልቃጡንም ከሳጅኗ እጅ ወሰደች። ጥጡ ወጥቷልና ግቢው ሙሉ እየሰማ ተንኳኳ።

«ይቅርታውን ሌላ ቀን እናወራዋለን» አለች፣ ዓይኗ ገና እንደቀላ። «የዛሬውን ውጠውታል?»

ምታቪኒ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችና እጇን ዘረጋች።