በገመዱ ጫፍ ያለችው

የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን በዚህ እጄ ይዤዋለሁ። ገመዱ የላጠው መዳፌ እስካሁን አልጠገገም።

በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር... ጫካ ውስጥ... ሰው ሁሉ ባለበት።

ሀሚዳ እባላለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ራኒያ።

ራኒያ በጫት ጀመረች። ከጫቱ ምርቃና ማብረጃው መጠጥ፣ ጨብሲው መጣ... ከጨብሲው ክኒኑ።

የጀመረችው ከሶረቲ ጋር ነው። ሶረቲ የብሎካችን ልጅ ናት። እናቷ ስለሞተችባት አጎቷ ጋ ነው ያደገችው። ከራኒያ ጋር ስትበላ፣ ስታድር የኖረች ልጅ ናት።

አምና ክረምት ክኒኑ ገደላት። ደረጃችን ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳውን እንደተደገፈች ነው የተገኘችው።

ደረጃውን በበረኪና ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ራኒያ አላለቀሰችም። አንዲት እንባ እንኳን። ክኒኑን ግን ጨመረች።

ሰንጋ ተራ አንድ ማኅበር አለ አሉኝ፤ ሱስ የያዛቸውን ሴቶች ከነቤተሰባቸው ጫካ ወስዶ የሚያሳርፍ። ሄድኩ።

"ጫካ ምን ያደርግላታል? ጦጣ ነው የሚያክማት?" አልኩት አስተባባሪውን። ፍሬምናጦስ ይባላል።

ሳቀብኝ። "እትዬ ሀሚዳ፣ እዚያ ሻጭ የለም። ስልክ የለም። እርስዎና እሷ ብቻ ናችሁ።"

ይቺ ቃል አሳመነችኝ።

ከከተማ ወጣ ያለ የጽድ ጫካ ነው። ድንኳን ተከልን። መጀመሪያ ላይ ራኒያ ስትንቀጠቀጥ፣ ስታስመልስ አነጋች። ከዚያ እንጨት መልቀም ጀመረች። ውሃ መቅዳት ጀመረች። አንድ ቀን ሽሮውን ጠርጋ ስትበላ አየኋትና ዞር ብዬ አለቀስኩ።

የመጨረሻው ቀን ላይ የገመድ ሥራ አለ ተባለ።

ልጅ ገመድ ወገቧ ላይ ታስራ ዛፎቹ መሃል ገብታ ብቻዋን ትቀመጣለች። እናት ጫፉን ይዛ ውጪ ትጠብቃለች። መነጋገር የለም። እናት አንዴ ሳብ ስታደርግ "አለሽ?" ማለት ነው። ልጅም አንዴ ሳብ ታደርጋለች። "አለሁ" ማለት ነው። ልጅ ፈትታ እስክትወጣ እናት አትለቅም።

እኔ ገመዱ ይልጣታል ብዬ መቀነቴን ፈትቼ አስታጠቅኳት። ገመዱን እሱ ላይ ቋጠርኩት። ራኒያን ስወልድ ወገቤን ያሰርኩበት መቀነት ነው። ፍሬምናጦስ "አያስፈልግም" ቢለኝ መች ሰምቼው።

ገባች።

ጉም ወረደ።

ሳብ አደረግኩ... ሳብ ተደረገልኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ልጄ አለች።

የሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ወጡ። እናቶቻቸው እያቀፉ ያለቅሳሉ። የኔዋ አልወጣችም።

ሳብ አደረግኩ... ሳብ ተደረገልኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ራኒያ የገባችው በቀኝ በኩል ነው። ገመዱ አሁን ወደ ግራ ነው የሚሄደው።

ደግሞ እርጥብ ነው። አሸተትኩት።

በረኪና ይሸታል።

አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ነካኝ።

"እማ..."

ዞርኩ። ራኒያ ናት። ፊቷ በእንባ ታጥቧል።

"መቼ ወጣሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ቆየሁ እኮ። በዚያ ማዶ ዞሬ ነው የመጣሁት።"

ወገቧን አየሁ። መቀነቱ የለም።

ገመዱ እጄ ላይ ሳብ አለ። አንዴ።

"ራኒዬ... መቀነቴስ?"

"ለሶረቲ ሰጠኋት።"

"የቷ ሶረቲ?!"

"ቀስ በይ እማ፣ ትሰማለች... 'አንቺስ የሚይዝልሽ አለሽ፣ እኔን ማን ይይዘኛል?' አለችኝ። ፈትቼ አስታጠቅኳት።"

ይሄን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰችው።

ፍሬምናጦስ መጣ። "እትዬ ሀሚዳ፣ ልጅዎ ወጥታለች እኮ። ይልቀቁት እንጂ።"

"እስቲ አንተ ሳብ አድርገው።"

ሳብ አደረገው።

ጠበቀ...

ፊቱ አመድ መሰለ። "ዝ... ዝንጀሮ ይሆናል።"

"ዝንጀሮ አንዴ ብቻ ስቦ ይተዋል?"

ቢላዋ አወጣ። "እንዳትቆርጠው!" ብዬ ጮህኩ። ገመዱን ሲነጥቀኝ፣ ጥብቅ አድርጌ ብይዘውም መዳፌን ልጦት አለፈ። ቆረጠው።

የተቆረጠው ጫፍ መሬት ላይ እየተጎተተ ጉሙ ውስጥ ገባ። አልቸኮለም። ከደጅ እንደተመለሰ ሰው... ቀስ ብሎ ሄደ።

ጉሙ ሲገለጥ ጫካውን አሰስነው። መቀነቴም የለም፣ ማንም የለም።

ራኒያ ከዚያ ወዲህ ክኒን አልነካችም። ሱቅ አብራኝ ትውላለች። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል።

ዛሬ ግን ቤት ውለን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ስከፍት...

መቀነቴ በራችን እጀታ ላይ ታስሯል። እርጥብ ነው።

ገመዱ ከእሱ ተነስቶ ደረጃውን ይወርዳል። ሶረቲ ወደተገኘችበት መታጠፊያ። ተወጥሯል።

ታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው። ደረጃው ላይ ግን ድምፅ የለም።

ራኒያ ከኋላዬ መጣች። አየችው። አልደነገጠችም።

"እማ... በርዷት ይሆናል።"

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱን አንዴ ሳብ አደረግኩት።

ጠበቅኩ...

ሳብ ተደረገልኝ።

ይኸው መሽቷል። ራኒያ ጭኔ ላይ ተኝታለች። በግራ እጄ ስልኬ ላይ እየጻፍኩላችሁ ነው። ቀኙ ገመዱን ይዟል።