ያልታጠበችው ሙሽራ

«አርባ ዓመት ሙሉ ሬሳ ሳጥብ በር የዘጋብኝ የለም!» አሉ ኤዶ ደሃቦ፣ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ እንደቆሙ።

ዋና ሳጅን አገሬ ወንበር አቀረበችላቸው። ጅግጅጋ ተመድባ ከመጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷም እንደ ከተማው ሰው ትልቅ ሴትን ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ትልቅ ወንድን ደግሞ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ትላለች።

«ማን ሞቶ ነው፣ ኤዶ?»

«ዐዎ የምትባለው የሂርሲ የወንድሙ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። ኮሮና ነው፣ ሳትታጠብ አሁኑኑ ትቀበር ይላል። ልጄ፣ ጓንት አድርጌ አጥባት የለ እንዴ? ሴት ልጅ እንዲሁ አፈር ትግባ?»

አገሬ ኮፍያዋን አነሳች። ግንቦት 2012 ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ፣ በስንቷ ልጃገረድ ላይ የቤቷ በር አብሮ እንደተዘጋባት ከእሷ መዝገብ በላይ የሚያውቅ የለም። ዐዎ ዛሬ ከተቀበረች ነገሩም አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።

ሂርሲ ግቢው በር ላይ ጠበቃት። ለመናገር ማስኩን አገጩ ሥር አወረደ፤ በሂና የቀላው ጢሙ ከሥሩ ነጭ አውጥቷል።

«ሳምንት ሙሉ አተኮሳት፤ ማንም አልገባባትም» አለ። «ምግቧን በር ላይ ነበር የምናስቀምጥላት።»

«ሐኪም አያት?»

«ሐኪሙስ ኮሮና አይፈራም?»

ሚስቱ ላዳን እጆቿን በሻሿ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች። ከእሷ ራቅ ብሎ ጓንት ያጠለቀ ሰው ቆሟል፤ ዐብዲወሊ የሚባል የደገሀቡር የከብት ነጋዴ።

«አንተስ ምኗ ነህ?»

«ነገ ላገባት ነበር፣ ወላሂ። ፈቅዳለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«መታመሟን መቼ ሰማህ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሞተች ሲሉኝ።»

አገሬ ቀብሩን አስቆመች። ሆስፒታል ደውላ መከላከያ ልብስ አስመጣችና ከኤዶ ደሃቦ ጋር ወደ ጓዳው ገባች።

አሮጊቷ ከዐዎ አንገት ላይ ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። የጣት ምልክቶች ጠቁረው ይታያሉ።

«ያ ረቢ!»

አገሬ ግን የዐዎን እጆች ነበር የምታየው። ሁለቱም እስከ አንጓቸው በሂና ተስለዋል፤ የቀኝ መዳፏ ሥዕል ብቻ ተጨማልቋል።

«ስንት ቀኑ ነው፣ ኤዶ?»

«ገና ብርቱካንማ ነው እኮ። ሁለት ቀን ቢያድር ይጠቁር ነበር። የትናንት ነው። ሁለት እጇን ደግሞ ራሷ አትስልም።»

አገሬ አለቀሰች። ጓንት አድርጋለችና እንባዋን እንኳ መጥረግ አልቻለችም።

ግቢው ውስጥ ሦስቱንም አራርቃ አቆመቻቸው። «በመጀመሪያ እጃችንን እንታጠብ፤ የኮሮና ደንብ ነው» አለች፣ ቧንቧ ወዳለው በርሜል እያመለከተች።

ዐብዲወሊ ጓንቱን አውልቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ታጠበ። ላዳን ስትታጠብ የጣቶቿ ጫፍ ብርቱካንማ መሆኑ ታየ። ሂርሲ ጣቱን ውሃ አስነክቶ ፈቀቅ አለ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች አገሬ። «ሳምንት ሙሉ ሰው ያልገባባት ልጅ ትናንት ሂና ተቀብታለች። ነገ የሚያገባት ሰው መታመሟን አልሰማም። ስለዚህ ትኩሳቱ ውሸት ነው። ሂናውን የሳልሽላት አንቺ ነሽ፣ ላዳን፤ ጣትሽ ያሳብቃል። የጣትሽን ጫፍ ብቻ ነው የነካሽ። ዐዎ ግን ሂናው ሳይደርቅ የአንድ ሰው እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። አዴር ሂርሲ፣ በቀን አምስቴ ለሶላት ውዱእ እስከ ክርንዎ የሚታጠቡ ሰው፣ ዛሬ ምነው ጣትዎን ብቻ? እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

አልሰበሰበም። አገሬን ተከትሎ የመጣው ፖሊስ ሰበሰበለት። አንጓው ላይ አራት ቀጫጭን ብርቱካንማ መስመሮች ነበሩ።

«ጢሜን ስቀባ ነክቶኝ ነው!»

«ጢምዎ ሥሩ ነጭ ሆኗል፤ ከተቀባ ቆይቷል። ይህ የትናንት ነው። የእርስዎ ጣትም አይደለም፤ የሴት ልጅ ጣት ነው።»

ላዳን መሬት ላይ ዘፍ አለች። «አላገባም፣ ለመምህሬ እደውላለሁ አለችው። እኔ ለሂናው ሎሚ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ…» በጣቷ ጓዳውን አመለከተች። «ብትናገሪ ልጅሽን በዐዎ ፋንታ እድራታለሁ አለኝ። ልጄ እኮ አሥራ አራት ዓመቷ ነው!»

ዐብዲወሊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሱ የሂርሲን እጅ በካቴና አሰረ። ኮሮና ስንቱን ጉድ ሸፈነ!

አስከሬኑ ተመርምሮ በማግስቱ ሲመለስ ኤዶ ደሃቦ አጠቡት። ላዳን ከልጇ ጋር ከፈኑን ይዛ ቆማለች፤ አገሬ ከደጅ ውሃ ታቀብላለች።

«መዳፏ ላይ ያለው አልለቅ አለ፣ ኤዶ?» ብላ ጠየቀች አገሬ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ምስክሯ ነው። ይዛው ትሂድ።»