ያልተመለሰ ሰላምታ

«እኔ ክስ አላቀረብኩም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ገና ብቅ ስትል። «ሰላም ስለው ዘጋኝ ብዬ ፖሊስ አልጠራም። አኮረፍኩ እንጂ አልከሰስኩም።»

ኢንስፔክተሯ ግራ ገባት። የመጣችው ስለ ተሰረቁት ሰዓቶች ልትጠይቅ ነበር።

«ማን ነው የዘጋዎት?»

«ያ ፍሬም ሠሪ ነዋ። ትናንት ቀትር ላይ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ በደጄ ሲያልፍ ‹እንደምን ዋልክ› ብለው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥሎኝ ሄደ። ምን እንደበደልኩት እንጃ፣ እየረገመኝ ይሆናል።»

«ድምፁን ሰሙት?»

«ከንፈሩን ነው ያየሁት። አንቺ ግን ለዚህ ነው የመጣሽው?»

ለዚህ አልነበረም። ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ የሰዓት ሠሪው ክፍል አለ። ጠዋት ሲከፈት የብረት ሳጥኑ ባዶውን ተገኘ። ለጥገና የተቀመጡት የደንበኞች ሰዓቶች በሙሉ የሉም። በሩ አልተሰበረም። ሳጥኑም አልተፈለቀቀም።

የሳጥኑ መክፈቻ ቁጥር የተቀየረው ትናንት ቀትር ላይ ነው። የሚያውቁት ሽማግሌው ሰዓት ሠሪና አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያ ናት። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

ሽማግሌው የሥራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ተቀምጠዋል።

«ይጠረጥሯታል?» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

«እሷን ከምጠረጥር ራሴን ብጠረጥር ይቀለኛል። በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ናት።»

«ቁጥሩን እንዴት ነገሯት?»

«በሹክሹክታ» አሉ፤ ድምፃቸው ኮሪደሩን አናወጠው። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የሳቸው ሹክሹክታ ምሥጢር ጠብቆ አያውቅም፤ ይህን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አብሯት የመጣው ሳጅን ደብሮታል። «ኢንስፔክተር፣ ያለቀለት ነገር ነው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሳቸው ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ የቀረችው ልጅቷ ናት።»

«ሳጥኑን አናግረኸዋል?»

ሳጥኑ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ የተነካውን ቁጥር ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል። ሁሉም ሥራ ጨርሰው ከወጡ በኋላ ሦስት ሙከራ ነበር። መጀመሪያ 52 38 94፤ አልከፈተም። ቀጥሎ 52 38 71፤ አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው 52 38 17፤ ተከፈተ።

«ልጅቷ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስትከፍት ስትዘጋ ውላለች፤ አንድም ስህተት የለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይሄ ቁጥሩን አንዴ ብቻ የሰማ ሰው ነው። አሥራ ሰባትን ገልብጦ ሰባ አንድ አለ።»

«ዘጠና አራትስ ከየት መጣ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተመለሰች።

«ትናንት እሱ ሲያልፍ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ደንበኛ እየለካሁ። ስለካ ጮክ ብዬ እደጋግማለሁ፤ አለዚያ ጠመኔውን እስካነሳ ይጠፋብኛል። ወገብ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አራት፣ እያልኩ። ደንበኛዬማ ‹ሰፈሩ ሁሉ ሰማ› ብላ ተቆጣችኝ።»

ኢንስፔክተሯ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የፍሬም ሠሪው ክፍል መስኮት የለውም። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራል።

«ትናንት ሰላም ሲሉዎት ለምን ዝም አሉ?»

«አልሰማኋቸውም።»

«ከንፈርዎ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።»

«መስታወቱ ከብዶኝ ይሆናል።»

«ከንፈር መስታወት አይሸከምም። የተሸከመው ቁጥር ነው።»

ፍሬም ሠሪው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ሰው የሰማውን ለአፍታ የሚይዝበት ቦታ አለው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አእምሮን የሚያጠኑ ሰዎች የሥራ ትውስታ ይሉታል። ጠባብ ነው። ቁጥር እዚያ እንዲቆይ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ካቋረጡት ያመልጣል፤ ሌላ ቁጥር ከገባም ይደባለቃል። ሁለቱም እጅዎ በመስታወቱ ተይዟል፤ መጻፍ አይችሉም። ‹ደህና ነኝ› ካሉ ቁጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ አፍዎን ዘጉባቸው። ጆሮዎን ግን መዝጋት አልቻሉም። የሽማግሌውን ድምፅና የልብስ ሰፊዋን ዘጠና አራት አንድ ላይ ይዞ የሄደው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ዓይኑ ግን ሳያስበው ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ፍሬም ሄደ።

ሳጅኑ ለሕንፃው ክፍሎች ያስወጣውን የፍተሻ ፈቃድ አሳየና ፍሬሙን አወረደ። የጀርባው ካርቶን ሲላቀቅ ሰዓቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ተገኙ። አንዳንዶቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ ሥራቸው ላይ ናቸው።

«ለምን?» አለ ሳጅኑ።

«ለመስኮት» አለ ፍሬም ሠሪው አንገቱን ደፍቶ። «የሰዓት ሠሪው ክፍል ወደ መንገድ ነው፣ ብርሃን አለው። አከራዩ ‹እሳቸው ሲለቁ ይሰጥሃል› ይለኛል፤ እሳቸው ግን አይለቁም። ደንበኛ ካላመናቸው ይለቃሉ ብዬ ነው። የበራቸውን ቁልፍ እንደ ጎረቤት በአደራ ሰጥተውኝ ነበር። ልጅቷ ትታሰራለች ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ልጅቷ ፍርድ ቤት ሳትደርስ ከጣቢያ ተመለሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አጨበጨበላት። ሽማግሌው አቅፈዋት ጆሮዋ ሥር «የኔ ልጅ፣ አንቺን ለአፍታም አልጠረጠርኩም» ብለው አንሾካሾኩ። ታች በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር ሰምቶ ዓይኑን ጠረገ።

ፍሬም ሠሪው እጁ በካቴና ታስሮ በልብስ ሰፊዋ ደጅ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከደንበኛዋ ትከሻ ላይ አላነሳችም።

«አታናግረኝ፣ ቁጥር ይዣለሁ።»