የኋላው ረድፍ

ሌባ ከአንድ መደርደሪያ አሥራ ሁለቱን ወስዶ አራቱን ለምን ይተዋል?

መርማሪዋ የክሊኒኩን ፍሪጅ ከፍታ ቆማለች። እስከ ትናንት ረፋድ ድረስ መደርደሪያው ላይ አሥራ ስድስት የኢንሱሊን ብልቃጦች ነበሩ፤ አራት አራት ሆነው፣ በአራት ረድፍ። አሁን የኋላዎቹ አራቱ ብቻ ቀርተዋል። የፍሪጁን ጀርባ ተጠግተው ቆመዋል፤ የነካቸው የለም።

«ቸኩሎ ይሆናል፤» አለች ፋርማሲስቷ።

«የቸኮለ ሰው ያፍሳል እንጂ ይመርጣል?»

ፋርማሲስቷ የትናንቱን ደግማ ነገረቻት። ለምሳ ስትወጣ ቆልፋ፣ የፋርማሲውንና የፍሪጁን ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው ጥበቃው ክፍል ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅላ ነበር። ስትመለስ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። በሩ ዝግ ነው። መድኃኒቱ የለም።

«ፍሪጅ ጠጋኙ ትርፍ ቁልፍ አለው፤» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ባለፈው አምፖል ይዞብን ሄዷል።»

አስተዳደሩ ግን ጠጋኙን አልጠበቀም። ጠዋት ጥበቃውን አግዶታል። ነገ ዓርብ እስከ ምሳ ሌላ ሰው ካልተገኘ የስንብት ደብዳቤው ይፈረማል። ደሞዝ ሲቆም የጤና መድኑም አብሮ ይቆማል። ባለቤቱ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ኩላሊቷን የምትታጠበው በእሱ ካርድ ነው።

ጥበቃው ከክሊኒኩ ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የደንብ ካፖርቱን ተቀብለውታል።

«ጋሼ፣ ትናንት ምሳ ሰዓት ቁልፉ የት ነበር?»

«ሚስማሩ ላይ።»

«እርስዎስ?»

«ወንበሬ ላይ።»

«ማን ገባ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንንም አላየሁ።»

«ከእርስዎ ዓይን ወፍ አታመልጥም ይላሉ።»

«ወፍ አሉ እንጂ ሰው መቼ አሉ?» ብሎ እጁን ተመለከተ። ቆይቶ፣ «ሰኞ የባለቤቴ እጥበት ነው፤» አለ።

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች። ባሕር ማዶ ስትማር፣ ተጠርጣሪ ሳይጠየቅ ያወራውን ጻፉ ይሏቸው ነበር። ይህ ሰው ሳይጠየቅ ያወራው ስለ ሚስቱ ነው። ታዲያ ሚስቱን ሊያሳጣው የሚችለውን ነገር ለምን ይሸፍናል?

ጠጋኙ ሱቁ ውስጥ፣ በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች መሀል ተንበርክኳል። ቀና አላለም።

«ለቁልፉ ከሆነ የመጣሽው፣ እህቴ፣ አለኝ። የሰፈሩ ፍሪጅ ግማሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ልስረቅ ብል በኢንሱሊን እጀምራለሁ? ከዓሣ ነጋዴው ፍሪጅ አልጀምርም?»

«ትናንት ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚያው ዓሣ ነጋዴው ጋ። ጭንቅላቴን ሞተሩ ውስጥ ከትቼ። ሽታዬ አይመሰክርም?»

ይመሰክራል። ስልክ ስትደውልም ነጋዴው ያንኑ አረጋገጠላት።

«አምፖሉስ?»

ጠጋኙ አሁን ቀና አለ። «አምፖሉ የተቃጠለ ነበር። ይህቺ ሴትዮ አሁንም አልተወችውም?»

ልትወጣ ስትል ዞር አለች። «የኋላውን ረድፍ ለምን የተወው ይመስልሃል?»

«ያ ፍሪጅ ከኋላው በረዶ ይጋግር ነበር። ኢንሱሊን ደግሞ በረዶ ከሠራ አለቀለት፤ ውሃ ውጉ እንደ ማለት ነው። ግን እኮ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠግኜዋለሁ። አሁን ከፊትም ከኋላም አንድ ነው።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

ሌባው የፍሪጁን አሮጌ በሽታ ያውቃል። መዳኑን አያውቅም።

ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ በእርምጃ ሳይሆን በሩጫ ነበር።

«የኋላው በረዶ እንደሚሠራ ለማን ነግረሻል?»

«ለስኳር ታካሚዎቼ፤» አለች ፋርማሲስቷ። «በየማክሰኞው አስተምራቸዋለሁ። ‹እዩ፣ የኔ እንኳ ከኋላ ያበላሻል፤ ቤታችሁም ከኋላ አታስቀምጡ› እያልኩ ፍሪጁን ከፍቼ አሳያቸው ነበር። ሲጠገንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሲጠገን ያልነበረ ማን ነው?»

ፋርማሲስቷ መዝገቡን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ሳታነሳው መለሰችው።

«የማተሚያ ቤቱ ሰዎች። አራት ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ተሸጦ ሲዘጋ ካርዳቸው ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።» መዝገቡን ወደ ጎን ገፋችው። «ደወልም ከአራቱ አንዱ ነው።»

«ደወል ማን ነው?»

«አራሚያቸው ነበር። ስሙን እኛ ነን ያወጣንለት። የመርፌ ሰዓት ሲደርስ ለሁሉም እየደወለ ያስታውሳል። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

ጥበቃው አሁንም ድንጋዩ ላይ ነው። መርማሪዋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ደወልን ያውቁታል?»

ጥበቃው ወደ መንገዱ ተመለከተ።

«አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉበት ካፖርት ተገፍፏል። ሰኞ ሩቅ አይደለም።»

«የተማርሽበት አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያስጨንቁት?»

«አይ። እዚያ ወንበር አለ።»

ጥበቃው ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ሦስት ማክሰኞ መጣ፣ ልጄ። ሦስቴ ካርድ የሌለው አይገባም ብዬ መለስኩት። ትእዛዝ ነው። ሦስቴም አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ትናንት ግን፣ ማክሰኞ ባልሆነ ቀን፣ ረቡዕ፣ ፔርሙዝ ይዞ መጣ። ቁልፉን አልሰጠሁትም። ከሚስማሩ ሲያነሳው ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ሲመልሰውም ወደ መንገዱ ነበርኩ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ካርድ ሲሰረዝ ሰው ምን እንደሚሆን እኔ ቤት ይታወቃል። በየወሩ መጨረሻ ባለቤቴ ‹ታድሷል?› ብላ ነው የምትጠይቀኝ። ‹አደርክ?› አትለኝም።»

ደወል የሚኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ሳታንኳኳ ከፈተላት። ሃምሳን የተሻገረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ከንፈሩ የደረቀ ሰው ነው።

«ከምሳ በፊት ነበር የጠበቅሁሽ፤» አለ።

ጥግ ላይ ለማቀዝቀዣ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንቦ አለ። አሸዋው ውስጥ በማተሚያ ቤት ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ጥቅሎች ተቀብረዋል። በየጥቅሉ ላይ በጥንቁቅ እጅ ተጽፏል፦ ለጠራዧ፣ ለቀለም ቀላቃዩ፣ ለወረቀት ቆራጩ። መርማሪዋ አንዱን ፈታች። አራት ብልቃጥ። ሁለተኛውም አራት፣ ሦስተኛውም።

«የኋላዎቹን ለምን ተዉአቸው?»

«በረዶ የነካቸው ናቸው። ለሰው አይሰጡም።»

ፍሪጁ መጠገኑን ልትነግረው አፏን ከፈተች። አሁን ምን ይጠቅማል ብላ ተወችው።

«ለምን ሰረቁ?»

«ደሞዝ ሲቀር አንጀታችንን አሰርን። ካርዱ ሲቀር ምናችንን እንሠር? መጀመሪያ መርፌውን ቀነስን። ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልን መውጋት ጀመርን። መድን ቢሮ ሄድን፤ አሠሪያችሁ ይምጣ አሉን። አሠሪ የለንም ስንል፣ እንግዲያው በአሠሪያችሁ በኩል አመልክቱ አሉ። ጠራዧ ሁለት ቀን ዘለለችና ደረጃ ላይ ወደቀች። ያን ቀን ፔርሙዝ ገዛሁ።»

«የእርስዎ ድርሻስ?»

«እኔ የራሴን አንስቻለሁ።» ውሃ ቀድቶ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ቀዳ። «እስር ቤት ካርድ አይጠይቁም አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እስረኛ ይታከማል።»

«አየሽ? ሳልሰርቅ ያላገኘሁትን ሰርቄ ላገኘው ነው።»

«ይህን ካወቁ ለምን ቀድመው እጅዎን አልሰጡም?»

«ሦስቱን ማን ያስርልኛል?»

መርማሪዋ ካቴናዋን በኪሷ ዳሰሰች። ሕጉ ግልጽ ነው። ሰውየውንም ጥቅሎቹንም ይዛ መሄድ አለባት። ግን የጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል ፍሪጅ የለውም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለቱም ማስረጃ ሆነው ይበላሻሉ። ልክ ናት? አታውቅም። ካቴናውን ግን ከኪሷ አላወጣችም፤ ጥቅሎቹንም አላነሳችም።

«ነገ ሦስት ሰዓት ጣቢያ እገኛለሁ፤» አለ ደወል። «ቃሌንም ጽፌ አመጣለሁ። ይህን ላድርስ ብቻ።»

«ጥበቃው በነገ ምሳ ይሰናበታል።»

«በሦስት ሰዓት አልኩሽ።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው ፖስታ ይዞ ጣቢያ መጣ። ደወል ማለዳ በሩ ሥር ጥሎለት ሄዷል። ቃሉ አንድ ስርዝ ድልዝ የለውም። «ቁልፉን ያነሳሁት ጥበቃው አቅመ ደካማ በሽተኛ ደግፎ በሚያስገባበት ጊዜ ነው። አላየኝም፤ ሊያየኝም አይችልም ነበር።» ከሥሩ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት።

መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችው። ጥበቃው ወለሉን ያያል። እንዲህ ያለ በሽተኛ እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ወረቀቱን ማኅተም አድርጋ ከመዝገቡ ጋር አያያዘችው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል።

«አርፍዶ አያውቅም እኮ፤» አለ ጥበቃው።

አምስት ሰዓት ላይ አስተዳደሩ እገዳውን አነሳ። ጥበቃው ካፖርቱን ለብሶ፣ በጉልበቱ ላይ እያስተካከለ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መርማሪዋ ፋርማሲው ገብታ ፍሪጁን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተች።

«እነዚህ አራቱ ደህና ናቸው?»

«እንደ ሌሎቹ ናቸው፤» አለች ፋርማሲስቷ። «ምን ሆነው?»

አራት ሰው። አሥራ ስድስት ብልቃጥ። ለእያንዳንዱ አራት።

ገንቦው ውስጥ የነበሩት ግን ሦስት ጥቅሎች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ብልቃጥ። የተወሰደው በሙሉ እዚያ ነበር። ደወል የራሴ ብሎ ያነሳው የለም። የተበላሸውን ለሰው አልሰጥም ብሎ ለራሱ የመደበው የኋላውን ረድፍ ነው። ደህናውን ድርሻውን በእጁ ሊነካው እየቻለ ትቶት ወጣ። ትናንት ያንን ውሃ በላይ በላዩ ሲጠጣ አጠገቡ ቆማ ነበር።

ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤቱ፣ ጥቅል ይዞ ማለዳ ወጣ፣ ግድግዳ እየደገፈ ነበር፣ አለቻት። ጠራዧ ጋ ደርሷል። ቀለም ቀላቃዩም ወረቀት ቆራጩም ጋ ደርሷል። ከወረቀት ቆራጩ ቤት ወዲያ ያየው ሰው የለም። ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ደወለች፤ ካርድ የሌለው ሰው አልመዘገብንም አሏት።

መንገድ ዳር ቆማ ስልኳን አወጣች። ደጋግማ ጻፈች፣ ደጋግማ ሰረዘች። በመጨረሻ ለደወል የላከችው ይህን ነው፦

«የኋላዎቹ አራቱ ደህና ናቸው። ፍሪጁ ተጠግኖ ነበር። ትናንት ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ያሉበትን ይጻፉልኝ፣ ይዤ እመጣለሁ።»

መልእክቱ ሄደ። ስልኩን በእጇ እንደያዘች ወደ ክሊኒኩ በር ተመለሰች። ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ።

በስድስት ሰዓት መልስ አልነበረም። በዘጠኝም። ሰኞ የጥበቃው ባለቤት ታጥባ ወጣች፤ ያን ቀንም አልነበረም።